የወይን ጠጅ ለመቅመስ ወደ ካኬቲ ስለሚደረግ ጉዞ

የወይን ጠጅ ለመቅመስ ወደ ወይን አገር የሚሄድ ሰው ከገንዘብና ከጤና በቀር ሌላ ስንቅ የሚያስፈልገው አይመስለውም። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ ይመስለን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወዳጆቻችን ጋር በአውሮፓ ወደሚገኝ አንድ የወይን አገር በሄድን ጊዜ፥ ከጧት እስከ ማታ በአንድ ቀን ስድስት የወይን ቤቶች ጐበኘን። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቤት የቀረበልንን ሁሉ ጣዕሙን ለይተን አወቅን፤ በሦስተኛው ቤት ማመስገን ብቻ ቀረልን፤ ከአራተኛው ቤት ጀምሮ ግን ምላሳችን ነጩን ከቀዩ ለመለየት ዓይናችንን ይጠይቅ ነበር። በስድስተኛው ቤት 12 ጠርሙስ ገዝተን በብዙ ድካም እስከ አዲስ አበባ አደረስን። በቤታችን በተከፈተ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠላው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ባለቤታችን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቍጥር ለእንግዳው ጠጅ፥ ለእኛ ያንን ወይን ያስቀዱልን ነበር።

አሁን ደግሞ የጋብቻችንን 20ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፥ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ወደ ጆርጂያ፥ ይልቁንም ካኬቲ ወደሚባለው ክፍል ለመሄድ ስለ ቈረጥን፥ ያለፈው ስሕተት እንዳይደገም አስቀድመን ተቀምጠን መከርን። የምክራችንንም ፍሬ፥ እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ ጽፈነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ካኬቲ በጆርጂያ አገር በስተምሥራቅ ይገኛል። በሰሜን የካውካስ ተራሮች በረዶ ተሸክመው ይታያሉ፤ ከግርጌያቸው የአላዛኒ ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። ከጆርጂያ ወይን የሚበዛው የሚበቅለው በዚህ ምድር ነው። ሕዝቡ ክርስትናን የተቀበለው በአራተኛው መቶ ዓመት፥ የእኛው ንጉሥ ኢዛና በነበሩበት ዘመን ነው። እንደ አገሩ ትውፊት፥ ወንጌልን የሰበከችላቸው ቅድስት ኒኖ የያዘችው መስቀል ከወይን ሐረግ የተሠራና በገዛ ፀጕሯ የታሰረ ነበር። በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት በሃይማኖት ሥርዓት ከእኛ የተለዩ ቢሆኑም፥ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ሕዝብ ናቸው። ስለዚህ ጾመኛ መንገደኛ በዚያ አገር የሚበላው አያጣም፤ ባቄላው፥ በተወቀጠ ለውዝ የታሸው ጐመን፥ ከምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገረው ረዥም ዳቦ ሁሉ የጾም ነው።

እኛን ወደዚያ አገር የሳበን ግን የወይኑ ብዛት ሳይሆን አሠራሩ ነው። የካኬቲ ገበሬ እንደ አባቶቹ ሥርዓት ወይን ጠጁን የሚጥለው በእንጨት በርሜል ሳይሆን፥ ክቬቭሪ በሚባል ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ጋኑ የእንቍላል ቅርጽ ያለው፥ ታቹ የሾለ ሲሆን፥ እስከ አፉ ድረስ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ትንሹ ጥቂት መቶ፥ ትልቁ ከ1,000 ሊትር በላይ ይይዛል። ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። ወይኑ በተለቀመ ጊዜ ከግንድ በተፈለፈለ ገንዳ ውስጥ በእግር ይረገጣል፤ ጭማቂውም ከነቅርፊቱ፥ ከነዘሩና ብዙ ጊዜም ከነዘንጉ በጋኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ በራሱ ይፈላል። በሚፈላበት ጊዜ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅርፊት ባለቤቱ በረዥም እንጨት በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ታች ያጠልቀዋል፤ ይህን ቸል ያለ ሰው ወይኑ ይበላሽበታል። መፍላቱ ሲያበቃ ጋኑ በድንጋይ ክዳን ተከድኖ ይመረጋል፤ አምስት ስድስት ወር ከቈየ በኋላም በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ይከፈታል።

የጋኑ ታች የሾለው ያለ ምክንያት አይደለም። መራራው ዘር አስቀድሞ ወደ ሹሉ ይወርድና ቅርፊቱ በላዩ ተኝቶ ክዳን ስለሚሆነው፥ ምሬቱ ወደ ወይኑ አይወጣም። መሬትም በበኩሏ ቅዝቃዜውን በክረምትና በበጋ እኩል አድርጋ ትጠብቃለች። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን አሠራር በ2013 ከሰው ልጅ የባህል ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። በ2017 የታተመ የሊቃውንት ጥናት ደግሞ፥ ከዋና ከተማው ከትብሊሲ በስተደቡብ ከተቈፈሩ የጥንት መንደሮች በተገኘ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የወይን ጠጅ ምልክት እንዳለ አስረድቷል፤ ዕድሜውም 8,000 ዓመት ያህል ነው። እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ ዲያቆናት ዘፍዝፈው ሲጨምቁ እያየን ያደግን ስለ ሆነ፥ ከነቅርፊቱ የሚሠራ ወይን እንግዳ ነገር አልሆነብንም።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን። ነጭ ከሚባለው ፍሬ በዚህ አሠራር የሚወጣው ወይን ነጭ አይደለም፤ ከቅርፊቱ ጋር ስለ ከረመ መልኩ በብርሌ እንደ ተቀዳ የጠራ ጠጅ ወርቅማ ነው። አበሻ ያየው እንደ ሆነ ማር ጠብቆ ይቀምሰዋል። ጣፋጭነት ግን የለበትም፤ ይልቁንም እንደ ጠነከረ ሻይ ምላስ ይይዛል። ይህን ሳያውቅ የቀመሰ ሰው በመጀመሪያው ጕንጭ ፊቱን ያኰማትራል፤ የቤቱም ባለቤት ያዝናል። ይህ ወርቅማ ወይን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ርካጺቴሊ ከሚባለው ፍሬ ነው። ቀዩ ፍሬ ሳፔራቪ ይባላል፤ ትርጓሜው ማቅለሚያ ማለት ነው፤ ቅርፊቱ ብቻ ሳይሆን ሥጋው ጭምር ቀይ ስለ ሆነ የረገጠው ሰው እግር ለብዙ ቀን አይጠራም።

ስለ ጊዜው የቈረጥነው እንዲህ ነው። በካኬቲ የወይን ለቀማ የሚደረገው ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። እኛ መስከረም 20 ቀን ተነሥተን በኢስታንቡል በኩል ብንሄድ፥ ቀዩ ፍሬ ገና ሲለቀም እንደርሳለን። ይህ ጊዜ መልካምም ክፉም አለው። መልካሙ፥ ሰው የሚያየው የቆመ ጠርሙስ ሳይሆን ሥራውን ራሱን መሆኑ ነው። ክፉው ደግሞ፥ ባለቤቶቹ እጃቸው በሥራ የተያዘ ስለ ሆነ ሳይላክባቸው በድንገት የመጣ እንግዳ ሸክም ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለየቤቱ ደብዳቤ መላክና ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን ጭምር መቍረጥ ይገባል። የቪዛውም ጕዳይ ከዚያ በፊት ይጠየቃል።

ከትብሊሲ የካኬቲ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ቴላቪ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የጎምቦሪን ተራራ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አቋርጦ በዱር ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን አጭር ነው፤ ሁለተኛው በሜዳ የሚዞር ረዥም ነው። ባለቤታችን የመንገድ መጠማዘዝ ራሳቸውን ስለሚያዞራቸው ስንሄድ በረዥሙ እንሄዳለን። ሲመለሱ ግን ተራራውን ማየት ፈልገዋል፤ ስለዚህ ነገር ክርክሩ ገና አላለቀም።

በቴላቪ ሦስት ሌሊት፥ ከዚያም ሲግናጊ በምትባል በኰረብታ ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ ሁለት ሌሊት እናድራለን። የሲግናጊ ቅጥር 23 ግንቦች ያሉት ሲሆን በ18ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኤሬክሌ ሁለተኛ ትእዛዝ የተሠራ ነው። ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የቅድስት ኒኖ መቃብር ያለበት የቦድቤ ገዳም አለ። በየቀኑ የሚጐበኙት የወይን ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከምሳ በፊት፥ አንዱ ከምሳ በኋላ። ወዳጆቻችን ይህን ሰምተው ሣቁብን። እስከዚያ ድረስ ሄዶ ዐሥር ቤት ብቻ ማየት ገንዘብ ማባከን ነው አሉን። እኛ ግን የ12ቱን ጠርሙስ ነገር አልረሳንም።

ከቴላቪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውን የጺናንዳሊን ርስት ከዝርዝራችን ሊያስወጣው የቻለ የለም። ይህ ቤት በ1846 የሞቱት የልዑል አሌክሳንድር ጫቭጫቫድዜ ርስት ነበር፤ እርሳቸውም የጦር አለቃና ባለቅኔ ሲሆኑ፥ የአውሮፓን የወይን አሠራር ወደ አገራቸው ካስገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። ልዑሉ ከሞቱ በኋላ በ1854 የኢማም ሻሚል ሰዎች ከተራራው ወርደው ቤቱን ዘረፉ፤ የልጃቸውን ሚስትና ልጆቿን ከሌሎች ወይዛዝርት ጋር ማርከው ወሰዱ። ምርኮኞቹ የተለቀቁት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ለልዋጩም ገንዘብ ተከፍሎ፥ በልጅነቱ ለሩስያ በመያዣነት ተሰጥቶ በዚያው ያደገው የሻሚል ልጅ ጀማል አድ ዲን ለአባቱ ተመለሰ። ርስቱ በኋላ ወደ ሩስያ ንጉሣዊ ቤት ተላለፈ። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው።

ትንንሾቹን ቤቶች ከትልልቆቹ ያስመረጠን ምክንያትም ከታሪክ የመጣ ነው። በሶቪየት ዘመን ለገበያ የሚወጣው ወይን በመንግሥት ፋብሪካ ይሠራ ስለ ነበር ብዛት እንጂ ጣዕም አይታሰብም ነበር። በ1985 መጠጥን ለመቀነስ በወጣው አዋጅ ብዙ የወይን ተክል ተነቀለ። ሩስያ ደግሞ በ2006 የጆርጂያን ወይን እንዳይገባ ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ 2013 ቈየ። ሻጩ ገበያውን በአንድ ጊዜ ሲያጣ ሌላ ገዢ መፈለግ፥ ለሌላውም ገዢ ሥራውን ማሻሻል ግድ ሆነበት። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ለራሳቸው ብቻ ይጥሉበት የነበረውን የአያቶቻቸውን ጋን ከፍተው ለእንግዳ ማቅረብ ጀመሩ። እኛ የምንሄደው ወደ እነዚህ ነው።

ስለ አቀማመሱ ጥቂት እንናገር። የቀለለው አስቀድሞ፥ የከበደው በኋላ ይቀመሳል፤ ወርቅማው ከቀዩ ይቀድማል። በመካከሉ ዳቦና ውሃ አይለይም። ሽቱ የተቀባ ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም አፍንጫ ያሳስታል። በእኛ አገር በእንግድነት የተቀበሉትን መትፋት ታላቅ ነውር ነው፤ በወይን ቀማሾች ዘንድ ግን ለዚሁ የተሰናዳ ዕቃ ይቀርባል፤ ባይቀርብም መጠየቅ አያሳፍርም። የቀመሱትን ሁሉ ወዲያው መጻፍ ያስፈልጋል። እኛ የችሎት ጸሐፊ ስለ ሆንን መዝገብ መያዝ ልማዳችን ነው፤ ሆኖም ያን ጊዜ በስድስተኛው ቤት የጻፍነውን ቃል እስከ ዛሬ ልናነበው አልቻልንም።

ወደ ዋናው ጭንቀታችን እንመለስ። የባለቤታችን ታናሽ ወንድም በሙያው የሕንፃ መሐንዲስ ነው። ከመጠጥ የተነሣ ሥራውንም ቤቱንም ሊያጣ ደርሶ ነበር፤ በእግዚአብሔር ቸርነትና በራሱ ብርታት መጠጥ ከተወ እነሆ ሦስት ዓመት ሆነው። ይህን እንድንጽፍ እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል። ስለ ጉዞው በሰማ ጊዜ፥ የዚያን አገር የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ብዙ ዘመን ሲመኝ መኖሩን ነግሮን አብሮን ለመሄድ ጠየቀ።

እኛም ሳናስብ በችኰላ፥ «እንግዲያውስ መኪናውን እርሱ ይነዳልናል፤ እኛም ያለ ሥጋት እንቀምሳለን» አልን። ባለቤታችን ፊታቸው ተለወጠ። «ወንድሜ እርስዎ ጠጥተው እስኪወጡ ድረስ ከደጅ ቆሞ ሊጠብቅ ነው? ስንት ሌሊት አልቅሰን ያወጣነውን ሰው የመጠጥ ቤት ነጂ ሊያደርጉት ነው?» አሉን። እኛም አፈርን። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተገለበጠና ባለቤታችን ይቅር፥ አይሂድ፥ ሌላ ጊዜ ወደ ሌላ አገር እንወስደዋለን ወደ ማለት አዘነበሉ። ይህም ደግሞ እንደ ሕፃን መቍጠር ሆኖ ታየን። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስንከራከር ከርመን፥ መጀመሪያ ልናደርገው የሚገባንን በመጨረሻ አደረግን፤ ጠርተን እርሱን ራሱን ጠየቅነው።

«ጋሼ፥ የሚከብደኝ የወይኑ ሽታ አይደለም» አለን። «እምቢ ስል፥ አንዲት ብቻ፥ በሞቴ የሚለኝ ሰው ነው። ለእርሱ ደግሞ እንኳን ጆርጂያ መሄድ፥ እዚህ ቤቴ ድረስ ይመጣል።»

ይህን ሲናገር እኛ ስለ ካኬቲ ገበታ ያነበብነውን አስታወስንና ደነገጥን። በዚያ አገር ግብር ሱፕራ ይባላል። ታማዳ የሚሉት የገበታ አለቃ ይሾማል፤ እርሱ ተነሥቶ ስለ ሰላም፥ ስለ አገር፥ ስለ ሞቱት፥ ስለ ሕፃናት በየተራው ይናገራል፤ ንግግሩ ሳያልቅ የሚጠጣ የለም፤ ሲያልቅ ግን ሁሉም «ጋውማርጆስ» ብሎ ያነሣል። አንዳንድ ጊዜ የሚቀርበው በቀንድ ዋንጫ ነው፤ ቀንድ ደግሞ ካልጨረሱት በቀር በገበታ ላይ አይቀመጥም። በመጨረሻም ከወይን አተላ የሚወጣ ቻቻ የሚባል እንደ አረቄ የበረታ መጠጥ ይመጣል። ክፋት ያለበት ነገር አይደለም፤ ሁሉ በፍቅር የሚደረግ ነው። እኛ አበሾች ግን በፍቅር የሚቀርብን ነገር እምቢ ማለት እንዴት እንደሚያስቸግር ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ለጠጪውም ለማይጠጣውም ዕቅድ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ በገበታ ላይ ተቀምጦ የሚታሰብ ሐሳብ ዘግይቷል።

ሦስታችን ተቀምጠን የተስማማነው ይህ ነው። መኪናውን ከሦስታችን ማንም አይነዳም፤ ለአምስቱም ቀን የአገሩ ተወላጅ ነጂ ይቀጠራል። በቴላቪ በምንሰነብትበት ጊዜ፥ እኛ በምንቀምስበት ጧት እርሱ ወደ ኢካልቶና ወደ አላቬርዲ ይሄዳል። ኢካልቶ የጥንት የትምህርት ቤት ፍርስራሽ ያለበት ገዳም ነው። የአላቬርዲው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደግሞ በ11ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፥ ከፍታው ከ50 ሜትር የሚበልጥ ነው፤ መነኰሳቱም ዛሬ በተቀበረ ጋን ወይን ይጥላሉ። ባለቤታችን አንዱን ጧት ከእርሱ ጋር ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ሴቶች ራሳቸውን ሸፍነው በቀሚስ መግባት ስላለባቸው የእርሳቸው ነጠላ በቂ ነው። ምሳ በአንድነት ይበላል። በገበታ ላይ እርሱ ተነሥቶ የወጣ እንደ ሆነ ባለቤታችን ምክንያት ሳይጠይቁ አብረው ይወጣሉ፤ እኛም ታማዳው በንግግር መካከል ቢሆን እንኳ ይቅርታ ጠይቀን እንከተላለን። ይህ የመጨረሻው ቃል ከአፋችን በወጣ ጊዜ እርሱ አቀርቅሮ ብዙ ዝም አለ።

ባለቤታችን ለየቤቱ ባለቤቶች በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤውም፥ ከሚመጡት ሦስት እንግዶች አንደኛው መጠጥ እንደማይጠጣ፥ ምክንያቱን እንዳይጠይቁትና እንዳያስገድዱት፥ ይህን መቀበል የማይመቻቸው ከሆነም አስቀድመው እንዲነግሩን ለመኑ። ከዐሥሩ ዘጠኙ መለሱ። አንዱ ዝም ስላለ ከዝርዝሩ ሰረዝነው። ከመለሱት አንዲት የቤት እመቤት ከቀትር በፊት ብንደርስ የዚያን ቀን የተረገጠ፥ ገና መፍላት ያልጀመረ ጭማቂ እንደምታቀርብና በእርሱ «ጋውማርጆስ» ማለት እንደሚቻል ጻፈች። ጭማቂው ካደረ ግን መፍላት ስለሚጀምር ሰዓቱን እንድናከብር አሳሰበችን። ስለዚህ የእርሷን ቤት ከሰዓት በኋላ ከነበረበት ወደ ጧት አዛወርነው፤ ያን ቀንም ወደ ገዳም መሄዱ ቀርቶ ሦስታችን አብረን እንገባለን።

የቀረው የሻንጣው ነገር ነው። ከዚያ አገር ቹርችኬላ የሚባል ጣፋጭ ይመጣል፤ ለውዝ በክር ተሰክቶ፥ በዱቄት በወፈረ የወይን ጭማቂ ደጋግሞ እየተነከረ የሚደርቅ ነው፤ ሲያዩት ጧፍ ይመስላል። ወንድማችን ለልጆቹ 20 ዘለላ ያህል ማምጣት እንደሚፈልግና በሻንጣው ውስጥ ስፍራ እንድንተውለት ጠይቆናል። እኛ 12 ጠርሙስ ለማምጣት አስበን ነበር፤ ባለቤታችን ሚዛኑን አይተው ወደ ስድስት አወረዱት። የትኞቹ ስድስት እንደሚሆኑም የሚመረጠው ከጧት የጻፍነውን መዝገብ አይተው በእርሳቸው ነው።